የኮቺ አየር ማረፊያ ፀሐይ ለደብረ ብርሃን ጣሪያዎች ምን ይነግራል? (የጉዳይ ጥናት)

ደብረ ብርሃን ላይ የሶላር ወሬ ከተነሳ አንዱ ስልኩን አውጥቶ የህንዱን የኮቺ አየር ማረፊያ ማሳየቱ አይቀርም። ሜዳ ሙሉ ሰሌዳ፣ ከጎኑ የሚያኮበኩብ አውሮፕላን፣ ከሥሩም “የመብራት ሂሳብ አይከፍሉም” የሚል ጽሑፍ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ እነሱ ከቻሉ እኛስ ምን አንሶን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተማችን መደበኛ በረራ የሚያስተናግድ አየር ማረፊያ ባይኖራትም የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታልና በርካታ ፋብሪካ አላት። ጣሪያቸው ሰፊ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ናፍጣ የሚጠጣ ጄኔሬተር ያስነሳሉ። እኔ በኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ነኝና የኮቺን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ላቀርበው ፈለግሁ። አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ። ኮቺ የሠራው ግሩም ሥራ ነው፤ ከእሱ ልንቀዳ የሚገባን ግን ስልኩ ላይ የሚታየው ሜዳ አይመስለኝም።

ከ100 ኪሎዋት የተነሳ ሥራ

የኮቺ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ በደቡብ ህንድ ኬረላ ግዛት፣ ነዱምባሴሪ በተባለ ስፍራ ይገኛል። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ፣ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በህንድ ውስጥ፣ መንግሥትና ግለሰቦች በአክሲዮን ተሻርከው ያቋቋሙት የመጀመሪያው አየር ማረፊያ ሲሆን፣ ከባለአክሲዮኖቹ መካከል በ30 ያህል አገሮች የሚኖሩ ወደ 10,000 የሚጠጉ በውጭ ያሉ ህንዳውያን ይገኙበታል። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ትርፉንም ኪሳራውንም ራሱ የሚቆጥር ኩባንያ የመብራት ሂሳቡ ሲያብጥ የሚያመው ራሱን ነው። ወደ ፀሐይ የገፋቸውም በቅድሚያ የአየር ንብረት ሥጋት ሳይሆን ይኸው ሂሳብ ነበር። በበጀት የሚተዳደር መሥሪያ ቤት፣ ሂሳቡን ሌላ ክፍል የሚከፍልለት፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር የለበትም።

በማርች 2013 በአንዱ ተርሚናል ጣሪያ ላይ 100 ኪሎዋት ተከሉ። 600 ካሬ ሜትር ገደማ ጣሪያ ማለት ነው፤ ከመካከለኛ መጋዘን አይበልጥም። እሱ ሲሳካ የአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋሩን ጣሪያና አጠገቡ ያለውን መሬት ጨምረው 1 ሜጋዋት (1,000 ኪሎዋት) አደረሱት። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ የመጣው። በካርጎው አካባቢ ጦሙን ባደረ 45 ኤከር፣ ማለትም 18 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ፣ እያንዳንዳቸው 265 ዋት የሆኑ ከ46,000 በላይ ሰሌዳዎች ተደረደሩ፤ በድምሩ 12 ሜጋዋት። ተከላውን ያካሄደው የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ ነበር። ወጪው 620 ሚሊዮን ሩፒ ገደማ ሲሆን በጊዜው ምንዛሪ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። የአየር ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ቪ. ጄ. ኩሪያን ነበሩ፤ ኦገስት 18 ቀን 2015 የግዛቲቱ ዋና ሚኒስትር ኡመን ቻንዲ መርቀው ከፈቱት።

ብዙዎች የሚያደንቁት የመጨረሻውን ነው። እኔ የማደንቀው ቅደም ተከተሉን ነው። አቧራው በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠረጋል? ኢንቨርተሩ (የሰሌዳውን ኃይል መስመሩ ላይ ወዳለው ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ) በየትኛው ሰዓት ይግላል? ቆጣሪው የሚነበበው እንዴት ነው? ከመብራት አቅራቢው ጋር ያለው ክርክርስ በምን ያልቃል? እነዚህን በ100 ኪሎዋት መማር ርካሽ ነው። በ12 ሜጋዋት መማር ያከስራል።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። 12 ሜጋዋት ሲባል ብዙ ሰው ቀን ከሌት 12 ሜጋዋት የሚፈስ ይመስለዋል። ሰሌዳው ያን ያህል የሚሰጠው ቀትር ላይ፣ ሰማይ ጥርት ሲል ነው። የኮቺው ጣቢያ ሲጀምር በቀን የሚያመርተው ከ50,000 እስከ 60,000 ዩኒት (ኪሎዋት ሰዓት) ነበር። 50,000ውን ለ24 ሰዓት ብናካፍለው 2 ሜጋዋት ብቻ ይወጣዋል። የአየር ማረፊያው ፍጆታ በዚያን ጊዜ በቀን 48,000 ዩኒት ገደማ ስለነበር ሂሳቡ ገጠመ። “ሙሉ በሙሉ በፀሐይ” የተባለውም ለዚህ ነው። አንድ ነጋዴ “10 ሜጋዋት እተክልላችኋለሁ” ብሎ ቢመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ “በቀን ስንት ዩኒት?” መሆን አለበት።

ሌሊቱን ማን ያበራዋል?

አየር ማረፊያ ፀሐይ ስትጠልቅ አይዘጋም። እንዲያውም ወደ ዱባይና ወደ ዶሃ የሚሄደው መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚበርረው በሌሊት ነው። ኮቺ ግን ባትሪ አልገዛም። ቀን ከፍጆታው የተረፈውን ወደ ኬረላ ግዛት የኤሌክትሪክ ቦርድ መስመር ያስገባል፤ ሌሊት የሚፈልገውን ከዚያው መስመር መልሶ ያወጣል። ባንክ እንደማስቀመጥ ነው፤ እነሱም “ባንክ ማድረግ” ይሉታል። ወጪውን የቀነሰላቸው ትልቁ ነገር ይህ ስምምነት ነው። ባትሪ ቢጨምሩበት ኖሮ በ2015 በነበረው ዋጋ ሥራው አያዋጣም ነበር ብዬ አምናለሁ። ያለ ባትሪ ግን የዩኒቱ ዋጋ በ6 እና በ7 ሩፒ መካከል ቢያዝ፣ ወጪው በ5 እና በ6 ዓመት አካባቢ ይመለሳል።

ይህን ለአንድ የፋብሪካ ጥገና ኃላፊ ሳስረዳ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሞተርና ከትራንስፎርመር ጋር የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ብዙ አልጠየቁኝም።

“ይኸን ሁሉ ተወው ልጄ። መብራት ሲሄድ ይሠራል ወይስ አይሠራም?”

“እንደ ኮቺ ከተተከለ አይሠራም፣ ጋሼ።”

“ፀሐይ እያለ?”

“ፀሐይ እያለ።”

“እንግዲያው ጌጥ ነው በለኛ!”

ጌጥ አይደለም፤ ጥያቄያቸው ግን ከብዙ የፕሮጀክት ሰነድ የተሻለ ነው። ከመስመር ጋር ብቻ እንዲሠራ የተተከለ ኢንቨርተር የመስመሩን ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ እየተከተለ ነው የሚሄደው። መስመሩ ሲሞት እሱም ወዲያው ራሱን ያጠፋል። እንዲያጠፋ የተደረገውም ሆን ተብሎ ነው። አለዚያ “መብራት የለም” ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ከአንድ ፋብሪካ ጣሪያ በመጣ ኃይል ይመታ ነበር። ስለዚህ መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ቦታ የኮቺን ንድፍ እንዳለ መገልበጥ ማለት፣ እኩለ ቀን ላይ ጠራራ ፀሐይ ወጥቶ፣ ጣሪያው በሰሌዳ ተሸፍኖ፣ ጓሮ ያለው ጄኔሬተር ግን ሲያጓራ መስማት ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባትሪ፣ እንዲሁም መስመር ባይኖርም ራሱ ቮልቴጅ መሥራት የሚችል ኢንቨርተር መግዛት ነው፤ ለሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍልና ለክትባት ማቀዝቀዣ ይህ ግድ ይላል። ሁለተኛው ርካሽ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሶላሩ እሱን ተከትሎ እንዲሠራና ጭነቱን እንዲጋራ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ማስገባት። ያን ጊዜ ጄኔሬተሩ ባይጠፋም የሚጠጣው ይቀንሳል። ዝቅተኛ ጭነት ጄኔሬተሩን እንዳይጎዳው ግን የሶላሩ ድርሻ ልክ ይበጅለታል።

300,000 ቶኑ ከየት መጣ?

ኮቺ ሲመረቅ በሰፊው የተነገረ አንድ ቁጥር ነበር፦ ጣቢያው በ25 ዓመት ውስጥ 300,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል፤ ሦስት ሚሊዮን ዛፍ እንደመትከል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ገልብጬ ማየት እወዳለሁ። 300,000ን ለ25 ብናካፍል በዓመት 12,000 ቶን ይሆናል። ጣቢያው በቀን 50,000 ዩኒት ካመረተ በዓመት 18 ሚሊዮን ዩኒት ገደማ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ያወጡት ሰዎች፣ አንድ ዩኒት ከፀሐይ ሲመጣ ሌላ ቦታ 660 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀራል ብለው አስበዋል ማለት ነው። ለህንድ ይህ ምክንያታዊ ግምት ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ይመጣልና።

አሁን ያንኑ 18 ሚሊዮን ዩኒት አምጥተን ደብረ ብርሃን እንትከለው። የእኛ ብሔራዊ መስመር ኃይሉን በሙሉ ማለት ይቻላል የሚያገኘው ከውኃ ነው፤ ከነፋስም ጥቂት አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የእኛ ሶላር ከመስመሩ ላይ የሚተካው የከሰል ዩኒት የለም። በወረቀት ላይ 12,000 ቶን የነበረው ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሰሌዳው ያው፣ ፀሐዩም ያው፤ ቅነሳው ግን የለም።

በሌላ በኩል ናፍጣ ጄኔሬተር አለ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ከአንድ ሊትር የሚገኘው ኃይል ደግሞ ደህና በተያዘ ጄኔሬተር ከ3 እስከ 3.5 ዩኒት ነው። እንግዲህ የጄኔሬተር አንድ ዩኒት 800 ግራም ገደማ ነው፤ ኮቺ ካሰበው 660 ግራም ይበልጣል። እዚህ አገር ቆሻሻው ዩኒት መብራት በሄደበት ሰዓት የሚመረተው ነው። የጋሼ ጥያቄ የዋጋና የምቾት ጥያቄ ይመስል ነበር፤ ሲታይ የካርቦኑም ጥያቄ እሱው ሆኖ ተገኘ። መብራት ባለበት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ሶላር ሂሳብ ይቀንሳል እንጂ ልቀት አይቀንስም። መብራት በሌለበት ሰዓት የሚሠራ ሶላር ግን ሁለቱንም ይቀንሳል።

ግድቡና ፀሐዩ

ያም ሆኖ በውኃ ኃይል በሚተዳደር አገር ሶላር ከንቱ ነው የሚለውን አልቀበልም። ኬረላ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። ግዛቲቱ ከህንድ አብዛኛው ክፍል ተለይታ በራሷ የምታመነጨው በዋናነት ከውኃ ነው፤ ኢዱኪ ግድብ ብቻውን 780 ሜጋዋት ነው። የማይበቃትን ነው ከውጭ፣ ከከሰል ጣቢያዎች ጭምር የምትገዛው። ዝናቧም እንደ እኛ ክረምት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ይበረታል። በዝናቡ ወራት ሰሌዳው ደመና ውጦት ምርቱ ይቀንሳል፤ ግድቡ ግን ይሞላል። በበጋ ግድቡ ይጎድላል፤ ሰሌዳው ያገሣል። ፀሐይና ውኃ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲዝል ሌላው ይስባል። ቀን በፀሐይ የተሠራው ሥራ ግድቡ ውስጥ ውኃ ሆኖ ይቆያል፤ ማታ ሰው ምጣድ ሲጥድ ይለቀቃል።

ለእኛ ሰፈር ይህ ነገር ቅርብ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የዘነበው ወደ በረሳ ይወርዳል፤ በረሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። ከተማዋ በጥርና በየካቲት ቀትር ላይ ከራሷ ጣሪያ የምትጠቀመው ዩኒት፣ የራሷ ዝናብ ሩቅ ቦታ በግድብ እንዲቆይላት ያደርጋል ማለት ነው። ይህ ግን የውኃና የሂሳብ ትርፍ ነው። “የካርቦን ቅነሳ” ብሎ ሰነድ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ የሚጽፍ ካለም ቁጥሩን ከህንድ ቀድቶታል ማለት ነው።

ጭሱ ያለው የት ነው?

ኮቺ ራሱስ ቢሆን? አየር ማረፊያው ለራሱ የሚጠቀምበትን ኤሌክትሪክ አጸዳ። አውሮፕላኖቹን አላጸዳም፤ ይህን ከእሱ የሚጠብቅ ሰውም አላውቅም። መጠኑን ለማየት ያህል፣ ከኮቺ ዱባይ 2,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦይንግ 737ን የመሰለ አውሮፕላን በአራት ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ 10 ቶን ነዳጅ ያቃጥላል ብለን እንገምት። አንድ ኪሎ ግራም የጄት ነዳጅ ሲነድ 3.16 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሰጥ፣ አንዱ ጉዞ ከ31 ቶን በላይ ያወጣል። የሰሌዳው ሜዳ በዓመት ያስቀረው 12,000 ቶን ከ380 እንዲህ ያሉ የአንድ አቅጣጫ በረራዎች ጋር እኩል ነው። ኮቺ በየቀኑ ብዙ አውሮፕላን የሚነሳበት ማረፊያ መሆኑን ይዞ ስሌቱን አንባቢ ራሱ ይጨርሰው።

ለአየር ማረፊያዎች የካርቦን ደረጃ የሚሰጥ ሥርዓት ከ2009 ጀምሮ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ማረፊያው ራሱ የሚቆጣጠረውን፣ ማለትም የተርሚናሉን መብራት፣ የራሱን ተሽከርካሪና ጄኔሬተር ብቻ ይቆጥራሉ። የአየር መንገዶቹ ጭስ ወደ ሂሳቡ የሚገባው ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ነው። አንድ ማረፊያ “ካርቦን የለሽ ነኝ” ሲል የትኛውን ድንበር አስምሮ እንደተናገረ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሆኖም መሬት ላይ ያለ አንድ ነገር አለ፤ ማረፊያው ሊቆጣጠረው የሚችል፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ ከሰሌዳ ሜዳ የሚበልጥ። አውሮፕላን ቆሞ መንገደኛ ሲያወርድና ሲያሳፍር ዋና ሞተሮቹ ጠፍተዋል፤ መብራቱና ማቀዝቀዣው ግን መሥራት አለባቸው። ጭራው ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ናት ይህን የምታደርገው። ኤፒዩ ትባላለች። በአንድ 737 ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ግራም ገደማ ነዳጅ ትበላለች፤ ይህ 316 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያንኑ ሥራ ከመሬት በኬብል በሚሰጥ ኃይልና በቱቦ በሚገባ የቀዘቀዘ አየር መተካት ይቻላል። ለሁለቱም በሰዓት 100 ዩኒት ብንመድብ፣ በህንድ መስመር 66 ኪሎ ግራም ይሆናል። በናፍጣ ጄኔሬተር ቢመጣ እንኳን 80 ገደማ ነው። በእኛ መስመር ግን ዜሮ አካባቢ።

ከከሰል ጋር ለሚኖር አገር ኬብሉ ልቀቱን ይቀንሳል፤ ከውኃ ጋር ለሚኖር አገር ጨርሶ ያጠፋዋል። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠ፣ አየሩ ለስላሳ የሆነ ማረፊያ ስለሆነ፣ ለአውሮፕላኑ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ከኮቺው ወበቅ ጋር አይወዳደርም። ለቦሌም ሆነ ለማንኛውም የአገራችን ማረፊያ አንድ ብር ብቻ ቢኖረኝ፣ ከሰሌዳ በፊት ኬብል፣ ቻርጀርና የኤሌክትሪክ ሻንጣ ጎታች ላይ አውለው ነበር።

ወደ ሰፈራችን ስንመልሰው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ብርድ ልብስ የሚያቀልም ወይም ቢራ የሚጠምቅ ፋብሪካ ትልቁ ፍላጎቱ እንፋሎት ነው። ቦይለሩ በነዳጅ የሚነድ ከሆነ፣ ጣሪያው በሙሉ በሰሌዳ ቢሸፈን ጭስ ማውጫው አይቀንስም። መጀመሪያ የሚታየው የእንፋሎት ቧንቧው ነው። ተሸፍኗል ወይስ ራቁቱን ነው? የሚያንጠባጥብ ቫልቭ አለ? ሥራውን ጨርሶ የቀዘቀዘው ውኃ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል ወይስ ወደ ቦይ ይፈሳል? ይህ ፎቶ የሚነሳ ሥራ አይደለም፤ ሪባንም አይቆረጥለትም።

ብርድ የሚጠቅምበት ቦታ

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ባቄላን ሲያቃጥል እናማርራለን፤ ለሶላር ግን ይህ ከፍታ በረከት ነው። ሰሌዳ የሚወደው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም። ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። በኮቺ ቀትር ላይ የሰሌዳው ገጽ 60 ዲግሪ ቢደርስ 14 በመቶው ጠፋ ማለት ነው። እዚህ፣ ስስ አየርና ቀዝቃዛ ነፋስ ባለበት፣ ኪሳራው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ጣርማ በርን ተሻግረው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ግን፣ በአንድ ዞን ውስጥ ሆነው፣ ወደ ኮቺው ሙቀት ይጠጋሉ። ስለዚህ “ለሰሜን ሸዋ የሚሆን ሶላር” የሚባል አንድ ንድፍ የለም። ደጋው ላይ ማራገቢያ የማያስፈልገው ሕንፃ ቆላ ሲወርድ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ ጥላና የጣሪያ አየር ማስወጫ ከማንኛውም ሰሌዳ በፊት ይመጣሉ።

የመሬቱ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ኮቺ 18 ሄክታር ያገኘው ከራሱ ግቢ ነው። እዚህ ለአንድ አባወራ አንድ ሄክታር ብናስብ እንኳን የ18 አባወራ እርሻ ነው፤ ብዙው የደጋ ገበሬ ደግሞ ያን ያህልም የለውም። ጣሪያ ሞልቶ ሳለ እርሻ ላይ ሰሌዳ መትከል ተገቢ አይመስለኝም። የግድ መሬት ላይ ከሆነም ኮቺ ያደረገውን ማየት ነው። ሰሌዳ የሚታጠብበት ውኃ ሥሩ አረም ሲያበቅልባቸው፣ አረሙን በየጊዜው ከማጨድ ይልቅ አትክልት ዘሩበት። አንዱ ውኃ ሰሌዳውንም አጥቦ ጓሮውንም አጠጣ። ሌሎች አገሮች በግ ያሰማራሉ፤ በግ ፍየልን ያህል አይዘልም፣ ሽቦም አያላምጥም። የመንዝ በግ ባለበት አገር አረም ማጨጃ ማሽን የሚገዛ ሰው ሊኖር አይገባም።

ከምርቃቱ በኋላ

ኮቺ በ2015 ያገኘው ሚዛን ብዙ አልቆየም። በ2017 አዲሱ የዓለም አቀፍ ተርሚናል ሥራ ሲጀምር ፍጆታው በእጅጉ አደገ፤ 12 ሜጋዋቱ አልበቃ አለ። የመኪና ማቆሚያውን ሳይቀር በሰሌዳ ጥላ እየሸፈኑ ወደ 40 ሜጋዋት ወሰዱት። በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ከፍተኛውን ሽልማቱን፣ የምድር ሻምፒዮን የሚባለውን ሰጣቸው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በኬረላ ከባድ ጎርፍ ደረሰ፤ የፔሪያር ወንዝ ሞልቶ ማረፊያው ከ15 እስከ 29 ተዘጋ። ሰሌዳ የተተከለበት ረባዳ ሜዳም ከጎርፉ መንገድ ላይ ነበር። በደጋ ሜዳ ላይ ለሚተክል ሰው ይህ ከሽልማቱ የሚበልጥ ዜና ነው። የኢንቨርተሩ ቤት የሚሠራው ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ከታየ በኋላ መሆን አለበት፤ በበጋ የተለካ ቦታ ያታልላል።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ለእኔ ከሁሉም የሚገርም ነው። በፀሐይ የታወቀው አየር ማረፊያ ወደ ውኃ ሄደ። ኖቬምበር 2021 ኮዚኮድ ወረዳ ውስጥ አሪፓራ ላይ 4.5 ሜጋዋት የሚያመነጭ አነስተኛ የውኃ ኃይል ጣቢያ ከፈተ። ትልቅ ግድብ የለውም፤ ከወንዙ ላይ ውኃ ቀንሶ በቧንቧ ቁልቁል ይለቃል፣ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ወንዙ ውስጥ ይመልሳል። በርትቶ የሚሠራው በዝናብ ወራት ነው፤ ሰሌዳዎቹ በሚደክሙበት ጊዜ ማለት ነው። በማርች 2022 ደግሞ ፓያኑር ላይ ሌላ 12 ሜጋዋት የፀሐይ ጣቢያ ጨመሩ። ሁለቱም ከማረፊያው ርቀው ነው ያሉት፤ ኃይሉ የሚመጣው በዚያው ባንክ በተባለው መስመር ነው።

የእኛ ተረተር ለእንዲህ ያለ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ከጣርማ በር አፋፍ ወደ ደብረ ሲና፣ ከአንኮበር ወደ ቆላው፣ በአጭር ርቀት ብዙ መቶ ሜትር ቁልቁለት አለ፤ ወደ አዋሽ የሚወርዱት ሮቢና ጀውሃም ከዚሁ ተረተር ይነሳሉ። የውኃ ወፍጮ የሚያውቅ ሽማግሌ ቧንቧው የት ማለፍ እንዳለበት በጣቱ ያሳያል። ችግሩ ከፍታው አይደለም። በመጋቢት ወንዙ ውስጥ የሚቀረው ውኃ በሰከንድ ስንት ሊትር ነው? ከሱ ላይ ከመስኖው ገበሬ የተረፈውስ? ይህን ለመመለስ የሚያስፈልገው ምልክት የተደረገበት እንጨት፣ ደብተር፣ በየቀኑ የሚያነብ አንድ የአካባቢው ሰውና ቢያንስ ሁለት በጋ ነው። ፋብሪካዎቹ ደግሞ በዚያው ጊዜ ጄኔሬተራቸው በየትኛው ሰዓት እንደተነሳና ስንት ሊትር እንደጠጣ ይመዝግቡ፤ ሰሌዳ ለመግዛት ዋጋ የሚጠየቀው ሁለቱ ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ከቀረቡ በኋላ ነው።